ልጆቻችን የዕፅ አዘዋዋሪን ተከታትለው መያዝ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ወደ አማርኛ ተመልሶ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ይከታተላል። ታሪኩ አብረው ያደጉ ጓደኛሞች የአንዳቸው ወንድም በዕፅ ምክንያት ስለሞተባቸው አዘዋዋሪዎቹን ራሳቸው እያሳደዱ፣ መጋዘን ሰብረው እየገቡ ዕቃውን ሲያቃጥሉ የሚያሳይ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጄን የሒሳብ ደብተር ስገልጥ በመጨረሻው ገጽ ላይ የአንድ ባጃጅ ታርጋ፣ መናኸሪያው አጠገብ የቆመበት ሰዓትና «ሁለት ማዳበሪያ አወረደ» የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ስጠይቀው ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆነው አንድ ዕፅ ሻጭ እየተከታተሉ መሆናቸውንና ማዳበሪያውን በሌሊት ፈትተው ለማየት መስማማታቸውን አልደበቀኝም። ሐሳቡ ቅን ስለሆነ መቆጣት ከበደኝ። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ልጅዎን አለመቆጣትዎ መልካም ነው፤ የሌሊቱን ዕቅድ ግን ዛሬውኑ ያስቁሙት።

ልጆቹ የተነሡበት ጉዳይ ከባድ ወንጀል መሆኑ አያጠራጥርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርት፣ የሚያዘዋውር ወይም የሚሸጥ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ቢሆን ተራውን ዜጋ ፈጽሞ እጁን አላሰረውም። ከ3 ወር በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንኛውም ሰው ያለ ማዘዣ ሊይዘው ይችላል፤ የያዘውን ሰው ግን ሳይዘገይ በቅርብ ለሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ማስረከብ አለበት። ከዚህ ውጭ በጥርጣሬ ብቻ የሰው ግቢ መግባት፣ የሰው ዕቃ መፍታትና መበርበር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የጠበቀውን የግል ሕይወት መድፈር ነው።

እስቲ ያንን ማዳበሪያ ያስቡት። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተጭኖ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጣ ማዳበሪያ ውስጡ ማሾ ሊሆን ይችላል፤ ሽንኩርት ሊሆን ይችላል፤ ጫትም ቢሆን በአገራችን የተከለከለ ዕፅ አይደለም። ማሾው በሌሊት የተደፋበት ነጋዴ ነገ ከሳሽ ይሆናል፣ ልጆቹም ተከሳሾች። በውስጡ በእርግጥ ዕፅ ቢገኝ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ፖሊስ የሚደርሰው ዕፁ በልጆቹ እጅ እያለ ሊሆን ይችላል። ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በወንጀል የሚጠየቀው ለአዋቂዎች በተደነገገው ሕግ መሆኑን፣ ዳኛው በዕድሜው ምክንያት ቅጣቱን ሊያቀልለት ቢችልም፣ ልብ ይበሉ።

ድራማው የማያሳየው ዋናው ነገር ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት አንድን አዘዋዋሪ ጥፋተኛ ለማለት ዕፁ የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳሸገው፣ በማን እጅ እንዳለፈና የላቦራቶሪ ምርመራው ምን እንዳሳየ ይጠይቃል። መጋዘኑን ያቃጠሉት ጓደኛሞች ጠላታቸውን የበቀሉ ይመስላቸዋል እንጂ ያቃጠሉት እሱን የሚያስፈርድበትን ማስረጃ ነው። ከዚህም በላይ፣ የዕፅ ዝውውርን ለመከላከል በ1988 እ.ኤ.አ. የተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 11 የፈቀደው አንድ የምርመራ ዘዴ አለ፤ መርማሪዎች የተደረሰበትን ጭነት ወዲያው ከመያዝ ይልቅ በቁጥጥራቸው ሥር ሆኖ እንዲያልፍ በማድረግ ከተሸካሚው አልፈው ወደ ባለቤቱ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለ ክትትል እየተካሄደ ባለበት ቦታ አራት ልጆች በሌሊት ድንገት ቢገቡ የወራት ሥራ በአንድ ሰዓት ይበላሻል፤ ሕይወታቸውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

በድራማው ውስጥ እውነት ሆኖ ያገኘሁት ጓደኝነቱን ነው፤ ስለዚህም አንድ ጥያቄ ልጅዎን በእርጋታ እንዲጠይቁልኝ እፈልጋለሁ። ሰውየው ዕፅ እንደሚሸጥ በምን አወቁ? በሥራዬ እንዳየሁት፣ እንዲህ ያለ ወሬ ከልጆች ዘንድ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ «ቅመሰው» ተብሎ ተሰጥቶታል። እንዲያ ከሆነ ከባጃጁ ይልቅ ትኩረታቸውን የሚሻው ያ ልጅ ነው። ልጅዎ የዚያን ጓደኛውን ስም እንዲናገር አይጫኑት፤ የጓደኛው ወላጆች እንዲያውቁና እሱም ወደ ጤና ባለሙያ እንዲቀርብ ግን ያግዙ።

ደብተሩን አይቅደዱት። ታርጋ፣ ሰዓትና ቦታ በትክክል የተጻፈበት ማስታወሻ ለመርማሪ ጠቃሚ ነው። ልጅዎን ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ ያየውንና የገመተውን ለይቶ በራሱ አንደበት ይናገር። ጥቆማ መስጠቱ ያስፈራዎት እንደሆነ፣ የምስክሮችና የወንጀል ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀሎች ላይ ጥቆማ የሚሰጥ ሰውና ቤተሰቡ ጥበቃ የሚያገኙበትን ሁኔታ ደንግጓልና፣ ቃል ከመስጠታችሁ በፊት ስለዚሁ ጥበቃ ጠይቁ።