ስለ ወጣቶች አመጋገብና ስለ ልብ ጤና፦ ከቱሉ ዲምቱ ወላጆችና ተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ቀጭን ነው፤ ስለ ልቡ ልሰጋ ይገባኛል?

መልስ፦ ቅጥነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፣ እናቴ። በአሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በምትገኘው ቦጋሉሳ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆችን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ በደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ስብ መከማቸት የሚጀምረው ገና በልጅነት ነው፤ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ውፍረት ሲደራረቡ ደግሞ ክምችቱ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሳይበላ ይወጣል፤ በእረፍት ሰዓት እርጥብ (ጥብስ ድንች የገባበት ዳቦ) እና ለስላሳ ይገዛል። ጉዳቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ በእኔ እምነት ቀዳሚው ለስላሳው ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ማለት ነው። በፈሳሽ መልክ የሚገባ ስኳር ስለማያጠግብ ልጁ ምሳውን አይቀንስም፤ ትርፉን ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል፣ ይህ ሲደጋገምም ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። እርጥቡ ውስጥ ያለው ድንች ብዙ ጊዜ የሚጠበሰው በሚረጋ ዘይት ነው፤ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጎጂውን ኮሌስትሮል የሚያሳድግ ስብ ነው። ማታ የተረፈ ፍርፍር ወይም የተቀቀለ እንቁላል ከቤት ይዞ ቢወጣ፣ ቆሎም በቦርሳው ቢኖር፣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፤ ለመቅጠን እንጀራ ልተው?

መልስ፦ አትተዪ፣ እኅቴ። የጤፍ እንጀራ ከነጭ ዳቦ የተሻለ አሰር (ፋይበር) አለው፤ በወር አበባ ደም ለምታጣ ልጅ ብረት ያስፈልጋታል፣ ጤፍና ምስርም ብረት አላቸው። ይልቅ የወጡን ዘይትና ጨው ቀንሺ፣ በቀን 60 ደቂቃም ተንቀሳቀሺ።

ጥያቄ፦ የጾም ምግብስ?

መልስ፦ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን እጅግ መልካም ናቸው፤ ፓስቲና ለስላሳም የጾም መሆናቸውን ግን አንርሳ።

ጥያቄ፦ የጎረቤት ልጅ የልብ ቧንቧ ሳይሆን የልብ በር ሕመም አለበት ተባለ፤ ከምግብ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአገራችን በወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ በር ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የሚከተል ነው፤ ስለዚህ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከአመጋገብ ጋር ለተያያዘው የኢንሱሊን መዳከምና የስኳር ሕመም ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፦ የአንገት ቆዳ መጥቆርና መወፈር፣ ብዙ ውኃ መጠማት፣ ሽንት መብዛት። እነዚህ ከታዩ፣ በተለይም በቤተሰብ ስኳር ሕመም ካለ፣ የደም ስኳሩና የደም ግፊቱ ይለካ።