ከፊፋ ሌላ ምን ልጫወት ላልሽው

ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ከወንድሞችሽ ጋር ፊፋ ስትጫወቺ እንዳደግሽ፣ አሁን ግን ብቻሽን እንደምትኖሪ ጽፈሻል። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ባትሪው ሞቷል። ከሥራ በኋላ የምታገኚው ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌሎቹ የመለሱልሽን አነበብኩ። አብዛኛው የተጠራልሽ ጌም እዚያ ላፕቶፕ ላይ አይነሳም፤ የሚነሳውም ቢሆን ማውረዱ ብቻ ሳምንት ይፈጃል።

እኔ ትንንሾቹን ጀምሪ ነው የምልሽ። ትልቁን እስክታገኚ ማቆያ ይሁንሽ ብዬ አይደለም። በቅርቡ ከተጫወትኳቸው ውስጥ ልቤ ውስጥ የቀሩት አብዛኞቹ አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች የሠሯቸው ናቸው። የእኔም ኮምፒውተር ካንቺው ብዙ ስለማይሻል፣ ጌም ከመጀመሬ በፊት ሁሌ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ መብራት ድንገት ቢጠፋ ስንት ደቂቃ ልፋቴ ይሄዳል? ባትሪ ለሌለው ላፕቶፕ ይሄ ከግራፊክሱ በላይ ወሳኝ ነው።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የማስቀምጠው ስታርዲው ቫሊን ነው። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ሥዕሉንም ሙዚቃውንም ኮዱንም ለብቻው አራት ዓመት ተኩል ያህል ለፍቶበት በ2016 አወጣው፤ ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል። ዲስክሽ ላይ የሚይዘው 500 ሜጋ አካባቢ ነው። አያትሽ የተዉልሽ እርሻ አለ። ታርሻለሽ፣ ውሃ ታጠጫለሽ፣ ዓሣ ታጠምጃለሽ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ትተዋወቂያለሽ። ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ እኔም መጀመሪያ ንቄው ነበር። ከዚያ ሊነስ የሚባለውን ሰውዬ አገኘሁት። ከመንደሩ በላይ በድንኳን ነው የሚኖረው፤ አንድ ማታ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ምግብ ሲፈልግ ትደርሺበታለሽ፣ ምን እንደምትመልሺለት ደግሞ አንቺ ነሽ የምትመርጪው። እዚያ ጋ ስክሪኑ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። ፊፋ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ እንዲህ ስል ግን ፊፋን ጠላሁ ማለቴ አይደለም፣ አሁን ስሙ ተቀይሮ ኤፍሲ ቢባልም ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ።

ወደ መብራቱ ጉዳይ ልመለስ። ስታርዲው ሴቭ የሚያደርገው አልጋሽ ላይ ስትተኚ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይሄ አስፈራኝ። ግን ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ በእውነተኛው ሰዓት ደግሞ 14 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ስለዚህ መብራት ሄደ ቢባል ቢበዛ 14 ደቂቃ ነው የምታጪው። ያናድዳል፣ ግን ይቻላል። አንድ የማልወድለት ነገር ዓሣ ማጥመዱ ነው፤ ለጀማሪ በጣም ከባድ ነው። ወደቡ ላይ ካለው ሱቅ በ25 የጌሙ ገንዘብ የሚሸጠውን የጀማሪ ዘንግ ግዢ፣ እጅሽ እስኪለምድ በደንብ ያግዝሻል።

ሁለተኛው ባላትሮ ነው። በ2024 ወጣ፣ ሎካልታንክ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ አንድ ካናዳዊ ነው የሠራው፣ 150 ሜጋ ነው። የካርታ ጌም ነው፤ እኔ ከኮንከር ሌላ ካርታ አላውቅም ነበር፣ ሕጉን ግን በግማሽ ሰዓት ገባኝ። ነገሩ በፖከር አደራደር ነጥብ መሰብሰብ ነው። ለምሳሌ ሁለት ንጉሥ ብትጥዪ 30 ነጥብ በ2 ተባዝቶ 60 ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር ግን 300 ይፈልጋል፣ የምትጥዪው ደግሞ አራት ጊዜ ብቻ ነው። አራቴ 60 አያደርስሽም። ዙሩን በሌላ አደራደር ካለፍሽ በኋላ ማባዣው ላይ 4 የሚጨምር ተራ ጆከር ትገዣለሽ፣ ያው ሁለት ንጉሥ በ6 ተባዝቶ 180 ይሆናል። 150 ዓይነት ጆከር አለ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሲጋጠም ቁጥሩ ሚሊዮን ይገባል፣ ያኔ የሚሰማሽን ደስታ በጽሑፍ ልነግርሽ አልችልም። ቤተሰብ አይቶ ቁማር ነው ቢልሽ፣ አይደለም፤ የሚወራረድ ብር የለም። አውሮፓ ውስጥም መጀመሪያ 18 ዓመት ብለው ገደቡት፣ ተቃውሞ ሲቀርብ በ2025 ወደ 12 አወረዱት። እኔ ልጠነቀቅለት የሚገባኝ ሰዓቱን ነው። አንድ ዙር ልጨርስ ብዬ የተቀመጥኩባቸው ሌሊቶች አሉ፤ በማግስቱ ሥራ ካለሽ አላርም ሙዪ።

ሦስተኛው ሆሎው ናይት፣ እየዘለልሽ እየተዋጋሽ የምትሄጂበት ጌም ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሁለተኛውን፣ ሲልክሶንግን ተጫወቺ ይልሻል፣ ምክንያቱም ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቶ መስከረም 2025 ላይ ወጣ፤ በወጣበት ቀን የገዢው ብዛት ስቲም የሚባለውን የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ራሱ አስተኛው። እኔም ተጫወትኩት። ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የሆርኔት አዘላለል፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይበልጣል። ግን ለደከመ ሰው አይደለም። ስትጀምሪ ያለሽ አምስት ነፍስ ነው፣ ብዙ ጠላቶች ደግሞ በአንድ ምት ሁለት ይወስዳሉ፤ በእነሱ ሦስት ጊዜ ከተመታሽ አለቀ። ላስት ጀጅ የሚባለው ቦስ (ከባዱ ትልቅ ጠላት) ላይ በሞትኩ ቁጥር ያን ሁሉ መንገድ ስትሞቺ ከምትነሺበት ወንበር ጀምሬ እየዘለልኩ መመለስ ነበረብኝ። ቦሱ ሳይሆን መንገዱ ነው ያደከመኝ። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ ላለው ሰው ይሄ ልክ ነው ብዬ አላምንም። የ2017ቱን ቀድመሽ ጨርሺ፣ ነገሩ ከገባሽ ሁለተኛው የትም አይሄድም። ሁለቱም ላይ ስትመለሺ የምትነሺው መጨረሻ ከተቀመጥሽበት አግዳሚ ወንበር ነው፣ ስለዚህ ወንበር ባየሽ ቁጥር ተቀመጪ። የፊፋው ጆይስቲክ ካለሽ አውጪው፣ በኪቦርድ አልመክርሽም።

ሴለስትም ጥሩ ነው፣ ተራራ መውጣት ነው፣ ስትሞቺ እዚያው ወዲያው ትነሻለሽ። ከከበደሽ ፍጥነቱን ቀንሰሽ መጫወት ትችያለሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ከትልልቆቹ አንዱን ብቻ ልጥራ፣ ክሌር ኦብስኩር፦ ኤክስፔዲሽን 33። ላፕቶፕሽ አይችለውም። እኔ የአክስቴ ልጅ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ነው በፒኤስ 5 የጨረስኩት። ሞንፔሊዬ፣ ፈረንሳይ ያለ 30 ሰው ገደማ ያለው ቡድን ነው በ2025 ያወጣው። በየዓመቱ አንዲት ሰዓሊ አንድ ቁጥር ትጽፋለች፣ ዕድሜው ያን የሞላ ሁሉ እንደ ጭስ ይበናል። ቁጥሩ በየዓመቱ በአንድ ይቀንሳል፣ አሁን 33 ደርሷል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አይተን እኔና የአክስቴ ልጅ ቃል ሳንነጋገር ተቀመጥን። አንድ ቀን ፒኤስ 5 ያለው ሰው ካገኘሽ ለምኚው።

የክፍያውን ነገር በተመለከተ፣ ውጭ አገር ወንድም ወይም ዘመድ ካለሽ በበዓል ከሚልኩልሽ ነገር ይልቅ አንዱን ጌም በስጦታ እንዲልኩልሽ ንገሪያቸው፣ በቅናሽ ጊዜ ዋጋቸው በጣም ይወርዳል። አንዴ ካወረድሻቸው በኋላ ከላይ ለላፕቶፕሽ ያልኩሽ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ልጀምር ካልሽ ስታርዲውን ጀምሪ። ገና ስትገቢ 15 የፓርስኒፕ ዘር ይሰጥሻል፣ ነጭ ካሮት የሚመስል ሥር ነው። ሁሉንም ዝሪው፣ በየጠዋቱ ውሃ አጠጪ፣ ተኚ። በአራት ቀን ይደርሳል፤ አራት ቀን ደግሞ አንቺ ያለሽ አንድ ሰዓት ነው።