“ንስረ አንበሳ” ወይስ “ንስር አንበሳ”?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለ። እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን፤ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ዳይስ እየጣልን ታሪኩን አብረን እንፈጥራለን። እስካሁን አውሬዎቹን የምንጠራው በእንግሊዝኛ ስማቸው ነበር። አሁን ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ልናደርገው ተስማምተናል። መጀመሪያ ያስቸገረን የንስር ራስና ክንፍ፣ የአንበሳ ገላ ያለው ግሪፊን ነው። እኔ “ንስረ አንበሳ” አልኩት። አንዱ ጓደኛችን “ክንፋም ዲቃላ” ይሻላል ይላል። ሌላው ደግሞ “ጭራቅ በሉትና ተገላገሉ” ባይ ነው። የማንኛችን ልክ ነው?

መልስ፦ ከሦስቱ ለልክ የሚቀርበው የእርስዎ ነው። አንዲት ፊደል ብቻ ትታረም፦ “ንስረ” የሚለው “ንስር” ይሁን። ንስር አንበሳ።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙን ይገለብጠዋል። “ንስረ” ብለው መጨረሻውን ፊደል ወደ መጀመሪያው ድምፅ (“ረ”) ሲያዞሩት የግዕዝ ቋንቋን ዘርፍና ባለቤት አሠራር መጠቀምዎ ነው። በዚያ አሠራር ባለቤቱ (ዋናው ስም) ይቀድማል፣ ዘርፉ (የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚናገረው) ይከተላል። “ቤተ መንግሥት” የመንግሥት ቤት ነው፤ “ርእሰ መምህር” የመምህራን አለቃ ነው፤ “ክንፈ ንስር” የንስር ክንፍ ነው። ስለዚህ “ንስረ አንበሳ” ያለ ሰው ያለው “የአንበሳ ንስር” ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰሚ አንበሳ ያሳደገው ወይም አንበሳ የሚያዘው ወፍ ነው የሚታየው። እርስዎ ያሰቡት አውሬ ግን የማንም ንብረት አይደለም፤ ራሱ ሁለቱም ነው።

አማርኛ በተቃራኒው ዋናውን ቃል ከኋላ ያስቀምጣል። ገላጩ ይቀድማል፣ የሚገለጸው ይከተላል፦ ጥቁር በግ፣ እናት አገር፣ የንስር ክንፍ። “ንስር አንበሳ” ስንል የቆመው አንበሳ ነው፤ ንስርነቱ አንበሳውን ይገልጸዋል። ይህ ደግሞ ከአውሬው አካል ጋር ይገጥማል። ክብደቱ፣ ወገቡ፣ የኋላ እግሩና ጅራቱ የአንበሳ ናቸው፤ ንስሩ የመጣው ከላይ ነው። ስሙ በቆመበት አካል ላይ ይቁም።

ለዚህ ሌላም ምክንያት አለኝ፣ ለእርስዎ ጨዋታ ደግሞ ዋነኛው እሱ ይመስለኛል። ጨዋታችሁ የሚነገር ነው፣ ከገጽ ላይ በዓይን ብቻ የሚነበብ አይደለም። ስለዚህ ስሙ በአፍ ላይ ቅጥያ ሲቀጠልበት መቻል አለበት። “ንስር አንበሳው ወረደባችሁ”፣ “ንስር አንበሳዋ ጎጆዋን ትታ አትርቅም”፣ “ሁለት ንስር አንበሶች ከገደሉ ጫፍ አሉ”፣ “ንስር አንበሳውን ማን ነው የሚያዘናጋው?” ሁሉም ሳይደናቀፍ ያልፋል፤ ቅጥያው “አንበሳ” ላይ ስለሚያርፍ አፋችን የለመደው ነው። “አናብስት” የሚለው የግዕዝ ብዙ ቁጥር ለብቻው ያማረ ቃል ነው። በዳይስ ጫጫታ መሀል ግን “ንስር አናብስቱን” ማለት ይከብዳል፤ “አንበሶች” ይበቃል። በጽሑፍ የጨዋታችሁን ደንብ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ አንባቢ ሁለት የተለያዩ እንስሳት እንዳይመስሉት በሁለቱ ቃላት መካከል ሰረዝ ብታደርጉ አይከፋም።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ልመለስ። “ጭራቅ” የተባለው አይሆንም። ቃሉ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቦታው ተይዟል። በተረቶቻችን ጭራቅ ሰው መሰል ነው፤ ይናገራል፣ ያታልላል፣ ቤት አለው፣ ሕፃናት ይበላል። እንዲያውም ለጨዋታችሁ ሌላ ጊዜ የሚሆን ራሱን የቻለ ባላጋራ ነው። ንስር አንበሳን ጭራቅ ካላችሁት ግን እውነተኛው ጭራቅ ሲመጣ ስም ታጡለታላችሁ። የጅምላ መጠሪያ ካስፈለጋችሁ “አውሬ” አለ። ምንጩ የግዕዙ “አርዌ” ነው፤ አርዌ የአክሱምን ሕዝብ ይገዛ ነበር በሚባለው የዘንዶ ንጉሥ አፈ ታሪክ ውስጥ የምናውቀው ስም ነው። ብዙ ቁጥሩ “አራዊት” ይባላል። ለአስፈሪ ፍጡር ከዚህ የተሻለ የዘር ሐረግ ያለው ቃል አላውቅም።

“ዲቃላ” ላይ ጠንከር እላለሁ። ለሰው ሲነገር ስድብ ነው፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ለማዋረድ ሲነገር የኖረ ቃል ነው። በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ አንዱ ተጫዋች በዚህ ስም ሲጠራ ያደገ ሊሆን ይችላል። ዘር የተቀላቀለበትን ለመግለጽ የግብርናው ቋንቋ “ድቅል” የሚል ንጹሕ ቃል አለው፦ ድቅል በቆሎ፣ ድቅል ዝርያ። “ክልስ” ደግሞ ለሰው የቀረ ነው። ስለዚህ በደንብ መጽሐፋችሁ ላይ የአውሬ ዓይነቶችን የምትከፍሉ ከሆነ “ድቅል አራዊት” የሚለው ርዕስ ጥሩ ነው። ለአንዱ አውሬ መጠሪያነት ግን ደረቅ ነው፤ የምርምር ጣቢያ ይሸታል።

“ክንፋም” የሚለውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። “-አም” የሚለው ቅጥያ መኖሩን ብቻ ሳይሆን መብዛቱን፣ አንዳንዴም መትረፍረፉን ይናገራል። ፀጉራም ፀጉር ያለው ሁሉ አይደለም፣ ፀጉር የበዛበት ነው። ሆዳም ሆድ ያለው ሁሉ አይደለም። ቀንዳም በሬ ቀንዱ ጎልቶ የሚታይ በሬ ነው። እንግዲህ “ክንፋም” ክንፉ ከሰውነቱ የገነነበትን ይገልጻል፤ ክንፍ መኖሩን ብቻ መናገር ሲፈለግ “ባለክንፍ” ይባላል። ተራኪው ይህን ልዩነት ሊጠቀምበት ይችላል። ከሩቅ ሲታይ “አንድ ባለክንፍ ነገር” ነው። ቀርቦ ጥላው ሜዳውን ሲሸፍን ደግሞ “ክንፋም አውሬ” ይሆናል።

“ግሪፊን ብለን ብንተወውስ?” የሚል ይኖራል። ነውር የለውም። ሊቃውንቱም አድርገውታል፦ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው የአራዊት መጽሐፍ “ፊሳልጎስ” የሚባለው የግሪክ ስሙን ይዞ ነው፤ ኪሩቤልና ሱራፌልም ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው፣ ዛሬ ልጆቻችንን እንሰይምባቸዋለን። የኔ ምርጫ ግን ሰሚው ቃሉን እንደሰማ አውሬውን የሚያይበት ስም ነው። “ግሪፊን” ላልሰማው ሰው ድምፅ ብቻ ነው። “ንስር አንበሳ” ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከእናንተ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠ እንግዳ ምን እንደመጣበት ወዲያው ያውቃል።

አውሬው ለጽሑፎቻችን ፈጽሞ እንግዳ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ከባሕር ከሚወጡት አራት አራዊት የመጀመሪያይቱ አንበሳ የምትመስል፣ የንስር ክንፍ ያላት ናት። ጨዋታዎቹ የወረሱት ግሪፊን በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ምስሉ በጥንት የቅርብ ምሥራቅ አገሮች ተቀርጾ ይገኛል፤ የግሪኩ ሄሮዶቱስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ዳርቻ ወርቅ የሚጠብቁ ግሪፊኖች እንዳሉ የሚነገረውን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የምናብ ጨዋታ ሲታተም ግሪፊኑ ከመጀመሪያዎቹ አውሬዎች ጋር ገባ። በእናንተ ጨዋታም ሀብት የሚጠብቅ ከሆነ “ወርቅ ጠባቂው” የሚል ቅጽል ሊያገኝ ይገባዋል፤ የቆየ ሥራው ነውና።

አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። በሕዝቅኤል ራእይ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ ያላቸው፣ በቤተ ክርስቲያን አርባዕቱ እንስሳ ተብለው ኅዳር 8 የሚታሰቡት የመንበሩ ተሸካሚዎች ለምእመኑ ቅዱሳን ናቸው። “ኪሩብ” የሚለውን ስም፣ “ገጸ ሰብእ” እና “ገጸ ንስር” የሚሉትንም ለሚገደል አውሬ አትስጡ። የሰው ፊትና የአንበሳ ገላ ያለውን ማንቲኮር መጥራት ሲያስፈልጋችሁ በአማርኛ “ባለሰው ፊት አንበሳ” ማለት ይቻላል፤ ትርጉሙም ሙሉ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ጨዋታውን አማርኛ የሚያደርገው ግሡ ነው። ብዙ ተራኪዎች የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው፦ “ንስር አንበሳው በረረ፤ ትልቅ ድምፅ አሰማ፤ አጠቃችሁ።” ቃላቱ አማርኛ ናቸው፣ ግን አንዱም ዓይን ውስጥ አይገባም። ይህን ያነጻጽሩት፦

“በቅሎዋ ጆሮዋን አቆመች። ግሳት ሰማችሁ፤ ግን ከጫካው አይደለም፣ ከላይ ነው። ቀና ስትሉ ንስር አንበሳው ክንፉን ዘርግቶ እያንዣበበባችሁ ነው። ድንገት ክንፉን ሰበሰበና ተወረወረ። የፊት ጥፍሩ ኮርቻውን ቧጨረው፤ በምንቁሩ ከበቅሎዋ ትከሻ ሥጋ ቦጨቀ።”

አሞራ ያንዣብባል፤ ለመንጠቅ ሲወርድ ይወረወራል። አንበሳ ያገሳል። (ይኸው ግሥ ለሰው ሲሆን የጥጋብ ነው፤ ከአንበሳ ጋር ግን ማንም አይሳሳትበትም።) ጉሮሮው የንስር ከሆነ ማግሳቱ እንዴት ይሆናል የሚል ተጫዋች ይነሣል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ግሳቱን አልተውም። አድማጭ ግሳት የሚጠብቀው ከምድር ነው፤ ከሰማይ ሲመጣ ያኔ ነው ፀጉር የሚቆመው። የአካል ስሞቹንም ለይታችሁ ያዙ፦ ከፊት ምንቁር፣ ላባና ጥፍር፤ ከኋላ መዳፍና ጅራት። ጎፈር የአንበሳ ጌጥ ነው፤ ራሱ የንስር የሆነ አውሬ ጎፈር የለውም፣ በአንገቱ ላይ የሚቆመው ላባ ነው። “ጭራ”ን ለፈረስ ተዉለት።

ፆታውስ? አማርኛ ሳይወስን አያልፍም፤ “አውሬው” ወይም “አውሬዋ” ማለት ግድ ነው። በዳንኤል ትርጉም አራዊቱ በአንስታይ ነው የተጠሩት። በተራ ንግግር ግን አንበሳ፣ ጅብና ዝሆን ወንድ ሆነው ይነገራሉ፣ ጥንቸልና ድመት ሴት። ስለዚህ ስለማታውቁት ንስር አንበሳ “እሱ” በሉ። ጎጆ ላይ የተቀመጠችውን፣ እንቁላል የምትጠብቀውን ስታገኙ ወደ “እሷ” ዙሩ፤ የቅጥያው መለወጥ ብቻውን ለተጫዋቾቹ አዲስ ነገር ይነግራቸዋል። ልጁ ምን ይባላል ለሚለው፦ የአንበሳ ልጅ ደቦል ነው፣ የወፍ ልጅ ጫጩት። ከእንቁላል የሚፈለፈል ከሆነ ላባ እስኪያወጣ ጫጩት፣ ማደን ሲጀምር ደቦል ብትሉት እኔ እስማማለሁ።

ሌሎቹን ድቅሎች በዚሁ መንገድ መሰየም ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1516 በታተመ የጣሊያን ግጥም ውስጥ ከግሪፊን አባትና ከባዝራ እናት የተወለደ አውሬ አለ፤ በአማርኛ “ንስር ፈረስ” ይሆናል። በቅሎን “አባትሽ ማነው?” ቢሏት “ፈረስ አጎቴ ነው” አለች ይባላል፤ ንስር ፈረስም በጨዋታችሁ ውስጥ አንደበት ካገኘ በእናቱ ወገን መመካቱ አይቀርም። የአንበሳ፣ የፍየልና የእባብ አካል ያለው ኪሜራ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ሦስት ስም ቢደረደር አፍ ይሞላል፣ የትኛው አካል ዋናው እንደሆነም አይታወቅም። እሱን “ኪሜራ” ብላችሁ እንደ ውሰት ቃል ያዙት፤ ብዙ ቁጥሩ “ኪሜራዎች” ነው።