መልስ፦ ለጀማሪ ማኅበራዊ ሠራተኛ የትኛው አፕ ይጠቅማል?

ወረዳ ላይ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ልትጀምሪ ስለሆነ «የትኛውን አፕ ልማር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እህቴ፣ ከአፑ በፊት አደዋወል ተማሪ። ከልቤ ነው የምልሽ።

ብዙ ቤት ውስጥ ስልክ የጋራ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት ጋ ደውለሽ ባልየው ቢያነሳው፣ «ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ነው» ማለትሽ ብቻ ሌላ ዱላ ሊያመጣባት ይችላል። ስለዚህ ገና በአካል ስታገኚያት ተስማሙ። በስንት ሰዓት ልደውል? ሌላ ሰው ካነሳው ማን ነኝ ልበል? ሚስኮል ካደረግሽልኝ ምን ልረዳ? መልሷን መዝገቧ ላይ ጻፊው። እሷ ካልፈቀደች አጭር መልእክትም አትላኪ፤ ተጽፎ ይቀራል።

ቴሌግራም ከባልደረቦች ጋር ለመናበብ በጣም ጥሩ ነው። ግን የባለጉዳይ ስም ወይም የልጅ ፎቶ ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። የመዝገብ ቁጥር ይበቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አንብቢው።

ከገጠር መጥቶ ጎዳና ላይ የወደቀ ልጅ ሲያጋጥምሽ ደግሞ ተራ ስልክ ትልቅ ነገር ይሠራል። የቀበሌውን ሊቀመንበር ወይም የጎረቤት ቁጥር አፈላልጊ። እናቱ መስመር ላይ ስትመጣ ስልኩን ለልጁ ስጪውና ትንሽ ራቅ በይ።