መልስ፦ ማርስ ፖላር ላንደር ለምን እንደወደቀች እንዴት አወቁ?

ወዳጄ፣ ማርስ ላይ እንድታርፍ ስለተላከችው የናሳ መንኮራኩር «ድምፅ ሳታሰማ የጠፋች መንኮራኩር፣ ምክንያቷ እንዴት ታወቀ?» ብለህ ጠይቀሃል። እውነቱን ለመናገር፣ በእርግጠኝነት አልታወቀም። መርማሪዎቹ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቀረቡት «ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነው ምክንያት» የሚሉትን ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1999 ወደ ማርስ ስትወርድ መረጃ የምትልክበት መንገድ አልነበራትም። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ተትቷል። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? ለ2001 ጉዞ የተዘጋጀች እህት መንኮራኩሯ እዚሁ ምድር ላይ ነበረች፤ የእሷን እግሮች ፈተሹ። ጉዱ የወጣው እዚያ ነው። ሦስቱም እግሮች መሬት ሲነኩ የሚያውቅ ሴንሰር አላቸው። እግሩ ተፈናጥሮ ሲቆለፍ ሴንሰሩ ለቅጽበት ይነቃነቅና «መሬት ነካሁ» ይላል። እግሩ የሚዘረጋው ግን 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው! ሶፍትዌሩ ያንን የውሸት ምልክት ማጥፋት ሲገባው ይዞት ቆየ። 40 ሜትር ላይ ሲደርስ አየው፤ «ደርሰናል» ብሎ ሞተሩን ዘጋ። ከዚያማ ቁልቁል ነው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ።

የሚያሳዝነው፣ ከመላኳ በፊት እግሯ ተፈትኖ ነበር። ያኔ ግን የሴንሰሩ ሽቦ በስህተት ተገናኝቶ ስለነበር ችግሩ አልታየም። ሽቦውን አስተካከሉ፤ ፈተናውን ግን አልደገሙትም።

ያች ምድር ላይ የቀረችው እህቷ ኋላ ላይ ተስተካክላ፣ ፊኒክስ ተብላ፣ በ2008 ማርስ ላይ በሰላም አርፋለች።