ከባድ አባሪ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ የአይቲ ልጆች

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ልጅ ሰሞኑን «አርቲ ላይ 60 ሜጋባይት ፋይል አልገባ አለኝ፤ ገደቡን ስንት ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። አርቲ የጥገና ጥያቄ የሚመዘገብበት ሶፍትዌር ነው። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ቁጥሩን መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ደሴ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ የደረሰበትን ላስቀድም።

መሥሪያ ቤቱ የጥገና ጥያቄዎችን የሚመዘግበው በሪኩዌስት ትራከር ነበር፤ አርቲ በምንለው። አርቲ ካልተነገረው በቀር አባሪውን ሁሉ የሚከተው ዳታቤዙ ውስጥ፣ «አታችመንትስ» የሚባለው ሠንጠረዥ ላይ ነው። ገደቡ በነባሪ 10 ሚሊዮን ባይት ነው። ቅርንጫፎች «ፋይላችን አልገባም» እያሉ ሲያማርሩ ገደቡ ወደ 50 ሚሊዮን ከፍ አለ። ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ማይኤስኪውኤልም ትልቁን እንዲቀበል «ማክስ አላውድ ፓኬት» የሚባለው የራሱ የመጠን ገደብ አብሮ ከፍ ተደረገ። ፋይሉ ገባ፤ ሁሉም ደስ አለው።

ማታ ማታ ዳታቤዙን ወደ ፋይል ገልብጦ ባክአፕ የሚወስደውን ማይኤስኪውኤልዳምፕን (ዳምፑን) ያስታወሰ አልነበረም። ዳምፑ የራሱ ገደብ አለው፤ ካልተቀየረ 24 ሜጋባይት ነው፣ የሰርቨሩን አይወርስም። ከዚያ የሚበልጥ አባሪ ሲገጥመው ስህተት ጽፎ እዚያው ያቆማል። ውጤቱ ደግሞ በቀጥታ ፋይል ወደሚጨምቀው ጂዚፕ ይፈስ ስለነበር ባክአፑን የሚያስኬደው ስክሪፕቱ የሚያየው የጂዚፕን መልስ ነው። ጂዚፕ የደረሰውን ጠቅልሎ «ተሳክቷል» ይላል። ጠዋት ሲታይ ፋይሉ አለ፣ ቀኑ የትናንት ነው፣ መጠኑም ቀላል አይደለም።

አሁን የፊደል ተራውን አስቡት። ዳምፑ ሠንጠረዦቹን የሚያወጣው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ነው፤ አታችመንትስ በ«ኤ» ስለሚጀምር ከፊተኞቹ አንዱ ነው። እሱ ላይ ከተቆረጠ ጥያቄዎቹን፣ ምልልሶቹንና ተጠቃሚዎቹን የያዙት ቲኬትስ፣ ትራንዛክሽንስ፣ ዩዘርስ የሚባሉት አንዳቸውም አይወጡም። ክረምት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኩ አልነሳ አለ፤ ባክአፑ ተከፈተ። የተገኘው የአባሪ ቁራጭ ነበር። ማን ምን እንደጠየቀ፣ ማን ምን እንደመለሰ የሚናገር አንድ መስመር አልተረፈም፤ የቀደሙት ሌሊቶች ባክአፕም እንደዚያው። ዳምፑን ሲያስቆመው የኖረው በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ቪዲዮው የሚያሳየው ፕሪንተር ላይ የወጣ የአንድ መስመር ስህተት ነው!

የሚቆጨኝ መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። ተሟልቶ ያለቀ ዳምፕ የመጨረሻ መስመሩ ላይ «ዳምፕ ኮምፕሊትድ» ብሎ ይጽፋል። ስክሪፕቱ ያንን መስመር ይፈልግ፤ ካጣው ኢሜይል ይላክላችሁ። ስክሪፕቱን በሚያስኬደው ባሽ ላይ «ፓይፕፌይል» የሚባለውን ምርጫ አብሩ፣ የፊተኛው ትእዛዝ ሲወድቅ እንዲታወቅ። ማክስ አላውድ ፓኬትንም ለዳምፑ ለብቻው ጻፉለት።

እግረ መንገዴን፣ የዛሬ ልጆች ነገር አይገባኝም። አንድ መስመር ለማሳየት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ! ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ምን ያህል ከበደ? ስክሪን ሾት የግድ ከሆነ አስፈላጊውን ቦታ ቆርጣችሁ በፒኤንጂ አስቀምጡ። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን በቢኤምፒ 6.2 ሜጋባይት ይመጣል፤ በፒኤንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ሎግ ዚፕ ይደረግ፤ ጽሑፍ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛው ይወርዳል። ጄፔግና ኤምፒ4 ግን ቀድመው የተጨመቁ ናቸውና አትድከሙባቸው።

ወደ ገደቡ ስመለስ፣ ገደብ ያለው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከአርቲ ፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድረ ገጽ ሰርቨር ካለ በነባሪ ከ1 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም፤ 413 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል፣ አርቲ ፋይል መምጣቱን እንኳ አይሰማም። በኢሜይል የሚመጣውን ደግሞ የኢሜይል ሰርቨሩ ፖስትፊክስ በነባሪ 10,240,000 ባይት ላይ ያግደዋል። ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ቤዝ64 በሚባለው ዘዴ ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ከሲሶ በላይ ስለሚወፍር፣ በድረ ገጽ የገባው 8 ሜጋባይት በኢሜይል ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱን ስትነኩ ሌሎቹንም እዩ። አርቲ ራሱ ከገደብ ያለፈውን የሚቆርጠው ወይም የሚጥለው እንዲያ እንዲያደርግ ከተዋቀረ ነው፤ ተቆርጦ የገባ ዚፕ ስለማይከፈት መቁረጡን አልወድም።

እኔን ከጠየቃችሁ 10 ሚሊዮን ባይት ይበቃል፣ አትንኩት። ግን ይህን ስል ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ገደቡ ሲጠብቅ ሰው ፋይሉን አይቀንስም፤ ቲኬቱ (የተመዘገበው ጥያቄ) ላይ «በቴሌግራም ልኬልሃለሁ» ብሎ ያልፋል። ቴሌግራም በነፃው እንኳ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ሠራተኛው ሲለቅ ማስረጃው ከስልኩ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ከባዱን መቀበሉ ካልቀረ ከዳታቤዙ ውጭ አስቀምጡት።

ከአርቲ 4.4 ጀምሮ አባሪን ከዳታቤዙ ውጭ የሚያስቀምጠው «ኤክስተርናል ስቶሬጅ» አብሮ ይመጣል። ዓይነቱን «ዲስክ» ብላችሁ የፎልደሩን ቦታ ስጡት፣ ከዚያ አባሪ የሚያወጣውን ትእዛዝ ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ክሮን ማታ ማታ እንዲሠራ አስሩት። ፋይሎቹ ከይዘታቸው በሚሰላ ሻ256 በሚባል መለያ ስለሚሰየሙ አንድ ፋይል ሃያ ቲኬት ላይ ቢለጠፍ ዲስኩ ላይ አንዴ ብቻ ይቀመጣል። የምትሳሳቱበትን ልንገራችሁ፦ ምስልና ጽሑፍ በነባሪ ከ10 ሜጋባይት ካልበለጡ ዳታቤዙ ውስጥ ይቀራሉ። ያንን ወለል ወደ 1 ሜጋባይት ካላወረዳችሁት ብዙ ለውጥ አታዩም። አባሪው ከወጣ በኋላም የዳታቤዙ ፋይል በራሱ አይቀንስም፤ «ኦፕቲማይዝ ቴብል» ያስፈልገዋል። እሱ ሠንጠረዡን እንደገና ስለሚጽፈው ለቅጂው የሚበቃ ባዶ ቦታና የሚታመን ዩፒኤስ ይኑራችሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ አብሽሩ።

አሁን ባክአፑ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ ዳታቤዙን ዳምፕ አድርጉ፣ ቀጥሎ ፎልደሩን ቅዱ። ተራው ከተገለበጠ በመሃል የወጣ አባሪ ዳታቤዙ ላይ ተጠቅሶ ፎልደሩ ውስጥ ይጠፋል። የደሴውን ቅጂ በሀረጎ ቁልቁለት አውርዶ ኮምቦልቻ ማስቀመጥም አይበቃም፤ በጥቅምት 2014 ሁለቱ ከተሞች ተከታትለው ነው በጦርነቱ የተያዙት። አንድ ቅጂ ከወሎ ውጭ ያለ ሰርቨር ላይ ይሁን። ከመጀመሪያው ቅጂ በኋላ አርሲንክ የሚባለው የፋይል መቅጃ ከፎልደሩ አዲሱን ፋይል ብቻ ስለሚልክ መስመሩን አያጨናንቅባችሁም።