መልስ፦ ድንቹ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

በጓሮዎ የተከሉት ድንች ቅጠሉ አምሮ ሳለ ፍሬው ትንንሽና አረንጓዴ የሆነበትን ምክንያት ጠይቀዋል። አረንጓዴ የሚሆነው ከአፈር ወጥቶ ብርሃን ሲያገኘው ነው፤ አብሮም ሶላኒን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚጨምርና መቀቀልም ስለማያጠፋው፣ እባክዎ ለልጆች አይስጡት። በሽታ ከሌለበት ግን ለዘር ይሆናልና አይጣሉት፤ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ሲያወጣ ይተክሉታል።

ድንች ፍሬ የሚይዘው ከተተከለው ዘር በላይ፣ አፈር ውስጥ በተቀበረው የግንዱ ክፍል ስለሆነ፣ ተክሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ሲል ዙሪያውን ኮትኩተው አፈር ያስታቅፉት፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላም ይድገሙት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ዙር ነው። ፍሬው ያነሰው ምናልባት ዩሪያ ስለበዛበት ወይም ተጠጋግቶ ስለተተከለ ይሆናል፤ በተክሎች መካከል 30፣ በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።